የዲኤክሷ የቀኝ በር

ይድረስ ለመኬ፣ ለትርሲት አባት፤

ካንተ ከተለያየን ሁለተኛው ፋሲካ አለፈ። እንዴት ነህ ብዬ አልጠይቅህም። ያለህበት ቦታ ዕረፍት እንደሆነ ቄሱም ጎረቤቱም ነግረውኛል። እኔ ግን ዕረፍት የለኝም። እስከ ዛሬ መቃብርህ አጠገብ ቆሜ የቤቱን ወሬ በልቤ እነግርህ ነበር። ይህን ግን ቆሜ ልነግርህ ስላልቻልኩ ተቀምጬ እጽፍልሃለሁ።

ደስ የሚለውን ላስቀድም። ትርሲት ተዳረች። ባሏ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የሚያስተምር ዝምተኛ ልጅ ነው፤ አንተም ትወደው ነበር። በደጃችን የሚያልፈው መንገድ አስፋልት ሆኖ ባጃጁ ከጠዋት እስከ ማታ ይተራመሳል። እኔም መንጃ ፈቃድ አወጣሁ። «አንቺ መሪ የያዝሽ ቀን ጅጅጋ ሰው አልባ ትሆናለች» እያልክ ትስቅብኝ ነበር። ከተማዋ እስካሁን ደህና ናት።

ነገሩን ሁሉ ያመጣችው መኪናህ ዲኤክሷ ናት። አንተ ከሞትክ ወዲህ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ስለቆመች ኮፈኗና ጣሪያዋ ላይ ያለው ቀለም ተልጦ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ እንደ ሙሽራ እያጠብክ፣ ከሰዓት በኋላ እኔን አስቀምጠህ ካራማራ ጫፍ ድረስ ትወጣ ነበር። ከተማዋን ከላይ እያየን ከመንገድ ዳር የገዛነውን ሐብሐብ እንበላ ነበር። ትርሲት ሠርጓ ሲቃረብ «እማዬ፣ የኪራይ መኪና አልፈልግም፤ ከቤት የምወጣው በአባዬ መኪና ነው» አለችኝ። አለቀስኩ። እንግዲህ ለሙሽራ የምትሆን ማድረግ ነበረብኝ።

ሁለት ምርጫ ነበረን፤ ሙሉ ቀለም ማስቀባት ወይም ስቲከር ማልበስ። እኔ ልቤ ወደ ቀለሙ ነበር። የጎረቤታችን ሚኒባስ ስቲከር በዚህ ፀሐይ ጠርዝ ጠርዙ ሲነሳ አይቻለሁ። ወንድምህ ተሾመ ግን ስቲከር ካልሆነ ብሎ ድርቅ አለ። «ቀለም ማለት መፋቅ ነው፣ ስንት ሳምንት ይፈጃል። ስቲከር በሁለት ቀን ያልቃል፤ ከላይ መሸፈን ነው፣ ምንም አይነካካም» አለኝ። እሱ ራሱ ድሬዳዋ ወስዶ አልብሶ እንደሚያመጣትም ነገረኝ። ለእህቱ ልጅ እንኳ ጎማ ነፍቶ የማያውቅ ሰው ስለ ዲኤክሷ እንዲህ መድከሙ ገረመኝ። ያው ፍቅርህ ነው ብዬ አለፍኩት። ቀኑም ስለተጠጋ በስቲከሩ ተስማማሁ፤ ድሬዳዋ ድረስ ግን ለምን ትሂድ ብዬ እዚሁ ሰፈራችን ቦዲና ቀለም የሚሠራው ማህሙድ ጋ ራሴ ነድቼ ወሰድኳት።

ማህሙድ ኮፈኑን በጣቱ ነካ ነካ አደረገና «ኤዶ» አለኝ። አክስቴ ማለቱ ነው፣ ሁሌም እንዲህ ነው የሚጠራኝ። «ስቲከር የሚይዘው ጤነኛ ቀለም ላይ ነው። የተላጠው መጀመሪያ መፋቅ አለበት። ዝም ብዬ ባለብሰው ያብጣል፤ ሲነሳም ያለውን ቀለም ይዞ ይነሳል።» እንግዲያው ፋቀው አልኩት።

በማግስቱ ደወለልኝ። ስደርስ ማህሙድ በብርጭቆ ወረቀት ሲፈትግ ውሎ ዱቄት መስሏል። የቀኝ በሩን አሳየኝ። ከነጩ ቀለም ሥር ሌላ ነጭ፣ ከሱ ሥር ደግሞ እንደ ጭቃ የተለሰነ ስቱኮ፤ መሃሉ ተሰንጥቋል። የግራውን በር በጣቱ አንኳኳው፣ እንደ ቆርቆሮ ጮኸ። የቀኙን አንኳኳው፣ እንደ ግድግዳ ዝም አለ።

«ይህች መኪና ክፉ ግጭት ደርሶባታል» አለኝ።

«ተጋጭታ አታውቅም። ከአዲስነቷ ጀምሮ እኛው ጋ ናት።»

«ወላሂ ኤዶ፣ ከጎማው በላይ ያለው ፓራፋንጎም ከሌላ መኪና የመጣ ነው። እዚህ ጋ ሰው ተቀምጦ ከነበረ አላህ ነው ያተረፈው።»

ከዚያ ተነስቼ በቀጥታ ተሾመ ጋ ሄድኩ። ከቢሮው ፊት ለፊት ካለው ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። «የዲኤክሷ ቀኝ ጎን መቼ ነው የተጋጨው?» አልኩት። ብርጭቆውን አስቀመጠ። ምን ግጭት አላለኝም፤ «ማን ነገረሽ?» ነው ያለኝ።

መኬ፣ እናቴ የሞተችበትን ሳምንት ታስታውሳለህ። ለቅሶ ድሬዳዋ ስሄድ ያኔ ትንሽ ልጅ የነበረችውን ትርሲትን ለጎረቤታችን ለሆዳን አደራ ሰጥቼ ነበር የሄድኩት። ለአንተ ስለ ሆዳን መንገር አያስፈልግም፤ ግን ልጻፈው። አጥር ለአጥር ነበርን። እኔ ሶማልኛ የለመድኩት ከሷ፣ እሷ አማርኛ የለመደችው ከኔ ነው። የትርሲትን የክርስትና ልብስ የሰፋችው እሷ ናት። ስመለስ ልጄ ክንዷ በጄሶ ታስሮ ጠበቀችኝ። «ከሆዳን ቤት ደረጃ ላይ ወደቀች» አልከኝ። መኪናዋስ ስልህ «ሞተሯ ተበላሽቶ ጋራዥ ገባች» አልከኝ። ጥቁር ልብሴን ሳላወልቅ ሆዳን ደጅ ሄድኩና ሰፈሩ እየሰማ አደራ በላ አልኳት። አንተ ከኋላዬ ቆመህ ነበር። እሷ እኔን ሳይሆን አንተን አየች፤ አንተም መሬት አየህ። በሯን ቀስ ብላ ዘጋችው። እኔ ያን ዝምታ ጥፋተኝነት ነው ብዬ ተረጎምኩት።

ተሾመ ሁሉንም ነገረኝ። ልጅቷን ከሆዳን ቤት ወስደህ ሐረር ይዘሃት ሄድክ። እዚያ ከጓደኞችህ ጋር ጠጣህ፤ ከእንግዲህ አልቀምስም ብለህ በንስሐ አባታችን ፊት ቃል የገባህ ሰው። ስትመለሱ ካራማራ ቁልቁለቱ ላይ መኪናዋን ከድንጋይ ጋር አጋጨሃት፤ በልጄ በኩል። ጎትቶ ያመጣችሁ ተሾመ ነው። «እናትሽን ቀብረሽ ነበር፣ ይህን ብንጨምርብሽ ጥለሽው ትሄጃለሽ ብለን ነው። ለደግ ብለን ነው» አለኝ። ለማን ደግ?

ትርሲትን ጠየቅኳት። የሠርግ ቀሚሷን እየለካች ነበር፤ እጅጌውን ረጅም ያደረገችው ያ ክንዷ እስከ ዛሬ ቀጥ ስለማይል ነው። መስተዋቱ ውስጥ አየችኝና ቁጭ አለች። «አባዬ እንዳልናገር እናቴ ትሙት በይ ብሎ አስማለኝ» አለች። «ብናገር የምትሞቺ መስሎኝ ነበር፣ እማዬ። ሲያስልሽ እንኳ ተናግሬ ይሆን እያልኩ እፈራ ነበር። ካደግኩ በኋላ ደግሞ ከየት ልጀምረው?»

ሌላው ሁሉ ይቅርልህ። ሕፃን ልጅ በእኔ ሞት አስምለህ፣ ያልኩት ሁሉ ልክ እንደሆነ አድርገህ፣ አጠገቤ ተኝተህ ማደርህ ግን እንዴት ይቅር ይባላል?

ሆዳን አሁን ገበያው ውስጥ ጨርቅ ትሸጣለች። ስገባ ከአንዲት ደንበኛ ጋር እየተከራከረች ነበር። ደንበኛዋ እስክትወጣ ቆምኩ። «ሰማሁ» አልኳት። ምን ሰማሽ ብላ አልጠየቀችኝም፤ ወንበር ሰጠችኝ።

«የእናቷ አርባ ሲወጣ እነግራታለሁ ብሎ ለምኖኝ ነበር» አለች። «ከአርባው በኋላ ዓመቱ ሲደርስ አለኝ። በየዒዱ ስኳርና ቴምር ይዞ ይመጣል፤ እዚህ አንቺ የተቀመጥሽበት ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል፣ ይቅርታ ይለኛል። እኔም ይቅር ብዬው ነበር።» «አባዮ፣ እህቴ፣ እሱስ ፈርቶ ነው። አንቺ ግን እንዴት አመንሽው?» አለችኝ።

አንተ ከሷ ጋር ታርቀህ፣ ሻይዋን ጠጥተህ ስትመለስ እኔ ቤት ውስጥ ስሟን አልሰማ እል ነበር። ቀብርህ ላይ ከድንኳኑ ጥግ ተቀምጣ ስታለቅስ አይቻት ፊቴን አዞርኩባት። ለራስህ ጓደኛዬን አስቀረህ፤ ለእኔ ጥላቻዋን ተውክልኝ።

ማህሙድን ስቲከሩን ተወው፣ በሩንም አውጥተህ ጣለው፣ ሌላ በር ፈልገህ ሙሉ ቀለም ቀባ አልኩት። «ለሠርጉ አይደርስም» አለኝ። አይድረስ። ትርሲት አኮረፈች፣ ግን አልተከራከረችኝም፤ በኪራይ መኪና ወጣች። ሆዳን ጥሪውን ስሰጣት እመጣለሁም አልመጣምም አላለችም። በሠርጉ ቀን ግን መጣች። ትርሲትን አቅፋ ሳመቻት፣ ለእኔ እጇን ሰጠችኝ። ያለንበት እዚያ ድረስ ነው።

ዲኤክሷ ከሠርጉ በኋላ ከማህሙድ ጋ ወጣች። የድሮውን ነጭ ነው ያስቀባሁት። ሰው ለምን ስቲከር አላለበስሽም ሲለኝ ፀሐዩ አይችለውም እላለሁ። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ብቻዬን ካራማራ ወጣሁ። ተሾመ በነገረኝ ኩርባ ላይ አቁሜ ወረድኩ። ያ ሁሉ ዓመት ሐብሐብ ልንበላ በዚያ ስናልፍ ምን ታስብ እንደነበር አሰብኩ። አንድም ቀን ፍጥነትህን እንኳ አልቀነስክም።

አለቀስኩ፤ ግን ናፍቀኸኝ ነው ወይስ ተናድጄብህ፣ መለየት አልቻልኩም። ያን ጊዜ ነግረኸኝ ቢሆን እጮህብህ ነበር። ምናልባት ወንድሜ ቤት ሄጄ እከርም ነበር። ከዚያ ግን እመለስ ነበር፣ መኬ። ይህን ሳታውቅልኝ መሞትህ ነው ዛሬም የሚያንገበግበኝ።

አልረሳህም። ሻማህን አበራለሁ፣ ተዝካርህንም አላጓድልም። ትርሲት ስትወልድ ልጇ አያቴ ምን ዓይነት ሰው ነበር ብሎ ይጠይቀኛል። ሳቅህን እነግረዋለሁ፤ የእናቱ ክንድ ለምን ቀጥ እንደማይልም እነግረዋለሁ። በኔ ሞት ግን አላስምለውም፤ ለፈለገው ይናገር።

ሚስትህ አልማዝ