ፊርማ ይበቃል ላሉኝ ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ አቶ ገብረየስ
በሰበታ የባንካችን ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ

እጅግ የማከብርዎ ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ አላህ ሙሉ ጤና እንዲሰጥዎ፣ ወገብዎንም፣ ጥርስዎንም፣ በተለይ ደግሞ ሁለቱን ዓይኖችዎን እንዲጠብቅልዎ እመኛለሁ። ገበያው ውስጥ መጋረጃ የምሸጠው ደንበኛዎ መብሩካ ነኝ። ባለፈው ሳምንት በላኩልኝ ደብዳቤ ለደረሰብኝ ሁሉ ጥፋቱ የራሴ መሆኑን ስላስታወቁኝ፣ በአካል መጥቼ ባመሰግንዎ እጄ ጉሮሮዎ ላይ እንዳያርፍ ሰግቼ፣ ምስጋናዬን አገር በሚያነበው ጋዜጣ ማቅረብ መርጫለሁ።

አንደኛ፣ ለሕክምና ወደ ህንድ ልሄድ ስነሣ ግራ ዓይኔ ከልጅነቴ ጀምሮ እንደማያይ፣ የቀረኝ ቀኙም እየደከመ መሆኑን ነግሬዎት ነበር። ክሬዲት ካርዱን ሲሰጡኝ የሚስጥር ቁጥሩ ከዋናው መሥሪያ ቤት ገና እንዳልመጣ፣ ቢሆንም ውጭ አገር ፊርማ ብቻ እንደሚበቃ በፈገግታ አስረዱኝ። ከሱሉልታ አልፈው የማያውቁ ሰው ስለ ዴልሂ ይህን ያህል እርግጠኛ መሆንዎ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ሁለተኛ፣ የዴልሂው ሐኪም ዓይኔ በዚያው ቀን ቀዶ ሕክምና ካልተደረገለት እንደማይተርፍ ነግሮኝ ወደ ገንዘብ ተቀባይዋ ስሮጥ፣ የካርድ ማሽኑ አራት አኃዝ የሚስጥር ቁጥር ጠየቀኝ። እንዳስተማሩኝ ወረቀት ላይ ፈርሜ ባሳያት ልጅቷ እንደ እብድ አየችኝ። ደውዬለት ባለቤቴ ኡዘይር እርስዎ ዘንድ ሲደርስ የሚስጥር ቁጥሩ ፖስታ ለካ መጥቶ መሳቢያዎ ውስጥ ተኝቷል፤ እርስዎ ግን ባለካርዷ ራሷ ቀርባ ካልፈረመች በቀር እንደማይከፈት ደንቡን ጠቅሰው ነገሩት። እኔ ዴልሂ፣ ፖስታው ሰበታ! ኡዘይር ክራቫትዎን ጨምድዶ ግንባርዎን ከጠረጴዛው ጋር ሁለት ጊዜ በማጋጨቱ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ሦስት መሆን ነበረበት። የጥበቃ ሠራተኛዎ ኦቦ ባጫም የኡዘይርን ክንድ በዱላ ስለሰበሩ ምስጋናዬ ይድረሳቸው፤ እሳቸው እንኳ በማግስቱ ወተት ይዘው ቤታችን መጥተው አልቅሰዋል።

ሦስተኛ፣ ከግንባርዎ ደም እየጠረጉም ቢሆን ደውለው፣ ፖስታው ውስጥ ያለው የመጀመሪያ የሚስጥር ቁጥር የትውልድ ዘመኔ መሆኑን ሹክ ስላሉኝ ውለታዎ አለብኝ። እናቴ የወለደችኝ በ1974 ነው፤ ቀበሌም እድርም የሚያውቁት ይህንኑ ነው። 1974 ብዬ ነካሁ፤ እምቢ አለ። ዓይኔ ፈዞ ጣቴ የሳተ መስሎኝ ደገምኩ፤ ሠለስኩ። ካርዱ ተቆለፈ። ባንክዎ የሚያውቀኝ ፓስፖርቴ ላይ ባለው በፈረንጆቹ 1982 መሆኑን የተረዳሁት ከዚያ ከተከበረው ደብዳቤዎ ነው። እርስዎ የሁለት ቃል ማብራሪያ ከበደዎት!

ያኔ ማሽኑን አንሥቼ ከግድግዳው ጋር ፈጠፈጥኩት። ሁለት ዘበኞች ክንዴን ጠምዝዘው በደረጃ ሲጎትቱኝ ከንፈሬ ተተረተረ፣ ሻርፔ ከእግራቸው ሥር ቀረ። አንዱን እስኪደማ ነክሼዋለሁ፤ በልቤ ግን የነከስኩት እርስዎን ነበር። ዘመዶቼ ያሰባሰቡትን ገንዘብ አንድ የቡራዩ መንገደኛ በአምስተኛው ቀን አደረሰልኝና ቀዶ ሕክምናው ተደረገልኝ፤ ፋሻው ሲፈታ ግን ምንም አልነበረም። ጨለማ ብቻ ነው፣ አቶ ገብረየስ። የልጄን ፊት ከእንግዲህ አላይም።

ለመታረቅ ሽማግሌ ሊልኩ ማሰብዎን ሰምቻለሁ። ይላኩ፤ በክብር ተቀብዬ አበላቸዋለሁ። እርስዎ አብረው ከመጡ ግን ከደጄ በእግርዎ ስለመመለስዎ ኃላፊነት አልወስድም፤ ከዚህ በላይ በጨዋነት ልናገር አልችልም።

ሥልጣንዎ ይስፋ፣ ወንበርዎ ይመችዎ፣ እንቅልፍ ግን በዓይንዎ አይዙር እያልኩ፣
በፍጹም ትሕትናና ሊገድልዎ በቀረበ አክብሮት

ታማኝ ደንበኛዎ መብሩካ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን እየነገርኳት የጻፈችልኝ ልጄ ሬሐና ናት። ፖስታዬን ለመረከብ ሰኞ ጠዋት በደንቡ መሠረት ራሴ ቀርቤ እፈርማለሁ። የፊርማውን መስመር ስለማላየው እርስዎ ራስዎ እጄን ይዘው ያስቀምጡልኝ፤ አንዴ ከያዝኩዎት በኋላ ግን ለመልቀቄ ቃል አልገባም።