ከፍ ያለው ኮርቻ

ቡታጅራ፣ ሐሙስ ጥቅምት 12

ጉልበቴን አላመመኝም! እስከ እንሴኖ ነድቼ ተመለስኩ፣ ምንም! አሁንም ማመን አቅቶኛል። ዕድሜ መስሎኝ ኮርሳ ብስክሌቴን ልሸጣት ነበር እኮ፤ ለካ ጉልበቴን የጨረሰው ኮርቻው ኖሯል።

ዝቅ ያደረግኩት ሆን ብዬ ነው። እዚህ አገር ዘመድ አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ነው፤ ቆሜ ሰላም ስል ሁለቱም እግሮቼ መሬት እንዲነኩ ብዬ ነበር። ዛሬ ልጄ ሕይወት ስነዳ አይታኝ ጮኸች።

«እማዬ፣ ዱካ ላይ ነው እንዴ የተቀመጥሽው?»

ብስክሌቷን ግድግዳ አስደግፋ ኮርቻው ላይ አወጣችኝ። ተረከዜን ፔዳሉ ላይ አድርጌ ወደ ታች ስገፋው፣ እግሬ ቀጥ እስኪል ድረስ ኮርቻውን ከፍ አደረገችው። ቆጥ ላይ የወጣሁ ዶሮ መሰልኩ!

«ሰው ሳገኝስ?»

«ከኮርቻው ወደ ፊት ወረድ በይና የፈለግሽውን ያህል ተሳሳሚ!»

በቃ፣ ይኸው ነው? ይህን ሁሉ ጊዜ በከንቱ ነው የተሠቃየሁት?

ተመልሼ አልሸጣትም ስለው ደግሞ ባለቤቴ ደነገጠ። «ገዢውን እሑድ ና ብዬዋለሁ እኮ!»

ይምጣ! እህቶቼም፣ ጎረቤቱም፣ የእድር ሰዎችም ይምጡ። ክትፎ አለ፤ ብስክሌት ግን አይሸጥም። ማንም እንዳይቀር፣ እሑድ!