መሪው ሲቀልል

መስከረም 18፣ ጠዋት 3፡30

ሙከራ 4። ጠጠር መንገድ፣ ደረቅ። በሰዓት 40 ኪ.ሜ እየሄድኩ ፍሬን ያዝኩ፤ እስክቆም ሁለት የዳር ምሰሶ አለፍኩ። በ80 ስምንት። ደገምኩት። ስምንት። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን መቆሚያው አራት እጥፍ ይረዝማል ብዬ ሠላሳ አንድ ዓመት በጠመኔ ጽፌአለሁ። ዛሬ በቾ ቦሬ ሰፈር፣ ኑረዲን ጌም ቤት ውስጥ፣ ስክሪን ላይ ቆጠርኩት። ደብተሬ፣ አልዋሽህም፤ ደስ አለኝ። ለጉዳዬ ግን አይበጅም።

ጉዳዩን በሥርዓት ላስቀምጥ። ነሐሴ መጨረሻ፣ ከሰቃ ከቡና ማሳችን ስንመለስ፣ ቁልቁለቱ ኩርባ ላይ ቮልሴ ተንሸራታ ቦይ ገባች። ልጄ ሰናይት አጠገቤ ነበረች። ግንባሯ ሦስት ቦታ ተሰፋ። እኔ ምንም አልሆንኩም። መሪው አልታዘዘኝም አልኩ። መካኒኩ ፈትቶ አየው፤ ጤነኛ ነው አለ። እንግዲያው ገለባው ነው አልኩ። እዚህ አገር ጭቃ ላይ የቡና ገለባ ይደፋል፤ ለአንድ ቀን ጎማ ያስይዛል፣ ዝናብ ሲደጋግመው ሳሙና ይሆናል። ይህ እውነት ነው። ሰናይት ግን መልስ ነበራት፦ "አባዬ፣ ያንን ገለባ ከኛ በፊት ሦስት የጭነት መኪና ረግጦት አልፏል።" ቁልፉን እንድሰጣት ትፈልጋለች። ለቀማው ኅዳር ይጀምራል። እስከዚያ መወሰን አለብኝ።

ኑረዲን ተማሪዬ ነበር፣ 10ኛ ሐ። አሁን የሁለት ልጆች አባት። ወንድሙ ከዱባይ መሪና ፔዳል ልኮለታል፤ መሪው ውስጥ ሞተር አለ፣ እጅን መልሶ ይገፋል። የራሊ ጨዋታ ነው። ባለፈው ሳምንት እርጥብ ቁልቁለት ከፈተልኝ። ሰባት ጊዜ ወረድኩ፣ ሰባቴም ገደል። ሰናይት ልትወስደኝ መጥታ ቁጭ አለች። ሁለቴ ገባች፤ ከዚያ በኋላ አልገባችም። የልጅ መጫወቻ ነው፣ ፊዚክሱም በግምት ነው ብዬ ወጣሁ።

ይህን ካልኩ ማረጋገጥ አለብኝ። ንባቡን ከመቀበልህ በፊት መሣሪያውን መርምር፤ ለተማሪ ሁሉ ያልኩት ነው። መሣሪያው ጠማማ ከሆነ ስለ እኔ የሚለው አይቆጠርም።

መስከረም 21፣ ጠ. 4 ሰ.

ሙከራ 5። ኩርባ ውስጥ መሪውን ለቀቅኩት። በራሱ ወደ መሃል ተመለሰ፣ ትንሽ አለፈ፣ ተመልሶ ረጋ። በዝግታ ስሄድ መመለሱ ደካማ፤ ስፈጥን ብርቱ። ልክ።

ሙከራ 6። ሁለት ጎማ እርጥብ ሣር ላይ፣ ሁለት ጠጠር ላይ፣ ፍሬን። መኪናው ወደ ጠጠሩ ተጎተተ። እጄም አብሮ። ልክ።

ጌሙን የሠራውን ሰው አላውቀውም። ጎማ መሬትን የሚነካው መዳፍ በምታህል ቦታ ብቻ እንደሆነ ግን ያውቃል፤ ሁሉን ከዚያች መዳፍ ተነስቶ ነው ያሰላው። የፈተና ወረቀቱ ቢደርሰኝ ቀይ እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ለደስታዬ አነበው ነበር።

መብራት ሄደ። ኑረዲን በጨለማው ውስጥ፦ "ዋላሂ ቲቸር፣ ይህን ጌም ምሰሶ ሊቆጥርበት የመጣ ሰው እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት። ፈተና እያረሙ ነው ወይስ እየተፈተኑ?"

መስከረም 27፣ ምሽት

ስህተት አገኘሁ! መኪናው ሦስቴ ተገለባብጦ በጎማው ቆመና መንገዱን ቀጠለ። ቮልሴ ከቦይ የወጣችው በአሥር ሰው ጉልበት ነው። ሁለተኛ፦ ወንበሩ አይናገርም። እውነተኛ መኪና ሲንሸራተት ቀድሞ የሚያውቀው መቀመጫህ ነው፤ እዚያ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ነኝ፣ ዝም ብሏል። ሦስተኛ፦ ጠጠር አለ፣ በረዶ አለ፣ ጭቃ አለ፤ የቡና ገለባ የለም።

ሦስቱንም ራት ላይ ለሰናይት አቀረብኩ። በጥሞና ሰማች። እኔም እኮ እዚያው የፕላስቲክ ወንበር ላይ ነው የተቀመጥኩት አለች። ወጥ ጨመረችልኝ።

ጥቅምት 3፣ ጠ. 3 ሰ.

ሙከራ 11። ኑረዲን ሞተሩ ከኋላ የሆነ አሮጌ መኪና መረጠልኝ፤ እንደ ቮልሴ አፍንጫው ቀላል። እርጥብ ጭቃ። ኩርባው ላይ መሪውን አዞርኩ። ከበደ፣ ከበደ። ከዚያ በድንገት ቀለለ። ባዶ።

ይህን አውቀዋለሁ። ሰቃ ላይ መሪው አልታዘዘኝም ያልኩት ይህንን ነው።

አምስት ጊዜ ደገምኩ። የሚቀልለው ጎማው ጨርሶ ከመንሸራተቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ብልሽት አይደለም፤ ማስጠንቀቂያ ነው። ያን ጊዜ መሪውን ትንሽ መመለስ፣ ጎማው መሬት እንዲይዝ መተው። እኔ ሲቀለኝ የባሰ አዞርኩ። እዚህም፣ ሰቃም። ይህን ክፍል ውስጥ አላስተማርኩም። አላውቀውም ነበር። በዚህ ዕድሜዬ አንድ መጫወቻ ስለ ጎማ አዲስ ነገር አስተማረኝ፤ ባርኔጣዬን አነሳሁለት። እውነቴን ነው፣ አነሳሁለት፤ ኑረዲን ሳቀ።

ጥቅምት 5፣ ከሰ. 9 ሰ.

በእውነተኛው መኪና ማመሳከር። ኪቶ ፉርዲሳን አለፍ ብሎ ባዶ ሜዳ፣ ሣሩ እርጥብ። ሰናይት ዳር ቆማለች፣ ጃንጥላ ይዛ። በ20 ኪ.ሜ ዞርኩ። ከበደ፣ ቀለለ፣ ተንሸራተተ። አንድ ዓይነት! እየጮህኩ ወረድኩ። ልክ ነው፣ ልክ ነው አልኳት። "ምኑ?" ጌሙ! አልኳት። ሳቋ ጃንጥላውን አስጣላት።

ምን እንዳረጋገጥኩ የገባኝ ወደ ቤት ስንመለስ ነው። ጌሙ ልክ ከሆነ ስለ እኔ የሚለውም ይቆጠራል።

ጥቅምት 9፣ ጠ. 4 ሰ.

ጨዋታው የነዳኸውን መልሶ በዝግታ ያሳያል፤ የመሪው እንቅስቃሴ ከታች ይታያል። የፊት ጎማው መንገድ ከሳተበት መሪው እስከተመለሰበት፣ በእጅ ሰዓቴ ለካሁ፤ ዝግታውን አስልቼ ቀነስኩ። አሥር ጊዜ እኔ፣ አሥር ጊዜ ሰናይት። ተራ የሚጠራው ኑረዲን።

እሷ ግማሽ ሰከንድ ገደማ። እኔ ከአንድ በላይ። አንዴ ብቻ ደረስኩባት። በ40 ኪ.ሜ አንድ ሰከንድ ማለት አሥራ አንድ ሜትር ነው። ሰቃ ላይ ከተንሸራተትኩበት እስከ ቦዩ ስምንት ሜትር፤ በእርምጃ ለክቼዋለሁ።

አልለመድኩትም እንዳልል ከእሷ አሥር እጥፍ ተቀምጬበታለሁ። ኑረዲን፦ "ማሎ፣ እባክዎን ቲቸር፣ ሌላ አሥር ይድገሙ። ዛሬ ደክሞዎት ነው።" ደግ ሰው። ለእሱ በ10ኛ ክፍል ግማሽ ማርክ ከልክዬው ለራሴ አልጨምርም።

መሣሪያው ትክክል ነው። ንባቡም።

ጥቅምት 10

ዝናብ። ቮልሷን አጠብኩ፤ በዝናብ።

ጥቅምት 13፣ ከሰ. 11 ሰ.

ወሰንኩ። ቁልፉን ለሰናይት ሰጠኋት። አልሳቀችም፣ አላለቀሰችም። ሁለተኛውስ? አለች። እሱንም ሰጠሁ።

አንድ ነገር ጠየቅኳት። የሰቃ መንገድ እስኪደርቅ ቅዳሜ ቅዳሜ ጌም ቤት ትሄዳለች፤ እርጥቡን ቁልቁለት፣ ሞተሩ ከኋላ በሆነው። እጇ ሳታስብ እስኪመልስ። ገለባ ስታይ ደግሞ ጎማ እንደማያስይዝ ቆጥራ ፍጥነት ትቀንስ፤ ይህን ጌሙ አይነግራትም። ተስማማች። የሷም ጥያቄ አንድ ነው፦ በቀኝ እንድቀመጥ፣ ካልጠየቀችኝም እንዳልናገር።

ጥቅምት 14፣ ጠ. 1 ሰ.

የመጀመሪያው ጉዞ፣ ወደ ሰቃ። ያካፋል። ቃል ገብቻለሁ፤ ዝም እላለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሌሎችን ዝም ያሰኘሁ ሰው። ደጅ ሆና ክላክስ እየነፋች ነው። ሞተሩ ሳይሞቅ ነዳጅ ትሰጣለች፤ ይህን አንድ ነገር ብቻ ብነግራትና ከዚያ…