ስማቸው ከመዝገቡ ውጭ ይጠራ የነበረው ተማሪ፦ አቶ ይታየው ክንዱ (1956–2017 ዓ.ም.)

አቶ ይታየው ክንዱ በ1956 ዓ.ም. የጥምቀት ሰሞን፣ በጃናሞራ ወረዳ ከመካነ ብርሃን ከፍ ብላ ባለች መንደር ይህችን ዓለም ተቀላቀሉ። አባታቸው አቶ ክንዱ ተሰማ፣ እናታቸው ወይዘሮ ዝናሽ በሪሁን ይባላሉ። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በመካነ ብርሃን ተምረው ሁለተኛ ደረጃን በደባርቅ ቀጠሉ። አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ ሳሉ አባታቸው ስላረፉ፣ እናታቸውንና ታናሽ እህታቸውን ለመርዳት ትምህርታቸውን አቋረጡ። የክፍል ጓደኞቻቸውን ሳይሰናበቱ መውጣታቸው እስከ መጨረሻው ይቆጫቸው ነበር።

በ1976 ዓ.ም. ተራራ ላይ በሚገኝ የስልክ ማስተላለፊያ ጣቢያ በጥበቃ ሠራተኛነት ተቀጠሩ። ጉምና ነፋስ የማይለየው፣ ነዳጅ ለማድረስ ካልሆነ መኪና የማይወጣበት ቦታ ነበር። ጄኔሬተሩ ሲቆም መካኒክ እስኪመጣ ብዙ ይጠበቅ ስለነበር፣ የባለሙያዎቹን እጅ እያዩ፣ እየጠየቁ፣ ሞተሩንም እየፈቱና እየገጠሙ ሙያውን ተማሩ። በኋላም የጄኔሬተሩ ኃላፊ ሆኑ። ጠዋት ጠዋት ለጎንደር በሬዲዮ «ጣቢያው ሰላም ነው» ብለው ያሳውቁ ነበር። ብዙ ቀን ከአፋቸው የሚወጣው ቃል ይኸው ብቻ እንደነበር ለቤተሰባቸው ተናግረዋል።

በ1982 ዓ.ም. የኮሶዬዋን ወይዘሮ ብርነሽ አያሌውን አገቡ። ወይዘሮ ብርነሽ ተራራው ላይ አንድ ክረምት ከርመው ብርዱንና ዝምታውን ስላልቻሉት ወደ ኮሶዬ ተመለሱ። አቶ ይታየውም እንጀራቸውን ትተው መውረድ አልቻሉም። በመካከላቸው ጠብ አልነበረም፤ ማንም ማንንም አልበደለም። በፈቃድ ጊዜ እየተገናኙ ኖሩ፤ ልጅ ግን አልወለዱም። ወይዘሮ ብርነሽ በ2001 ዓ.ም. ሲያርፉ፣ አቶ ይታየው የደረሱት ከቀብሩ በኋላ ነበር።

በ2008 ዓ.ም. ጣቢያው ያለ ሰው የሚሠራ ሆነና ተሰናበቱ። ጎንደር ማራኪ ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይተው ጄኔሬተር ይጠግኑ ጀመር። ከተማው ሰው የሞላበት ቢሆንም፣ ደንበኛ ዕቃውን አስረክቦ ይሄዳል፣ ሲሠራለትም መጥቶ ይወስዳል፤ ቁጭ ብሎ የሚያወራቸው አልነበረም።

በ2012 ዓ.ም. መስከረም ላይ አዲስ ሰማያዊ ቱታና ደብተር ገዝተው በአንድ የቴክኒክ ኮሌጅ ለመመዝገብ ሄዱ። ኮሌጁ ሰው በሥራ ያገኘውን ዕውቀት በጽሑፍና በተግባር ፈትኖ፣ ካለፈ ኮርሶቹን እንደተማራቸው የሚቆጥርበት አሠራር ነበረው። ተፈተኑ። ከአንድ የኮምፒውተር ኮርስ በቀር ሁሉም ተያዘላቸው። ውጤቱን የነገሯቸው መምህር ጌቾ በደስታ «እንኳን ደስ ያለዎት፣ አያ ይታየው! አለቀልዎት እኮ፤ ከዚያች ከአንዷ ኮርስ በቀር ክፍል መመላለስ የለም» ሲሏቸው ፊታቸው ጠቆረ።

«ምነው? የወደቀ ይባረራል እንጂ ያለፈም ይባረራል?»

«ኧረ ማን አባረረዎት! ጊዜዎን አተረፍንልዎት እንጂ።»

«ጊዜስ ሞልቶኛል። እኔ የመጣሁት ሰው መሐል ልቀመጥ ብዬ ነው።»

መምህሩ ጉዳዩን ለኮሌጁ አመልክተው፣ ሌሎቹንም ኮርሶች ውጤት ሳይያዝላቸው እንዲከታተሉ ተፈቀደላቸው። ነገር ግን ስማቸው በእነዚህ ኮርሶች መዝገብ ላይ አልነበረም። ጠዋት ስም ሲጠራ ሁሉም በየተራው «አቤት» ሲል፣ እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው ደብተራቸውን ያስተካክላሉ። አንድ ቀን መምህሩ መዝገቡን ሲዘጉ፣ ያስሚን ቡሽራ የምትባል ተማሪ ከኋላ «ይታየው ክንዱ!» ብላ ተጣራች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው ግን ብድግ ብለው ቆመው «አቤት!» አሉ።

«አያ፣ ይቀመጡ እንጂ! እኛንም ሊያስቆሙን ነው?» አለቻቸው ሌላዋ ተማሪ ፍሬሰላም።

ከዚያ ወዲህ ስም ጥሪው ያለ እሳቸው ስም አያልቅም ነበር።

መጋቢት ላይ በወረርሽኙ ምክንያት ትምህርት ሲዘጋ፣ ቱታቸውን ለብሰው እስከ ኮሌጁ በር ይሄዱ ነበር። ዘበኛውን ሳያዋሩት አይመለሱም፤ ብቻውን የሚውል ዘበኛ ምን እንደሚናፍቅ ያውቁታል። ምስክር ወረቀታቸውን ቀድመው መውሰድ ቢችሉም ጠብቀው ከክፍሉ ልጆች ጋር በ2013 ዓ.ም. ተቀበሉ። ከዚያ ወጣቶቹ ለሥራ በየአገሩ ተበተኑ፤ ስልካቸውም እያደር ጠፋ። አቶ ይታየው አልተቀየሙም። «ሸጋ ልጆች ናቸው፤ ሥራ ይዘው ነው» ይሉ ነበር።

በ2016 ዓ.ም. በሳንባ ሕመም ተይዘው በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። በሕመማቸው ጊዜ እህታቸው ወይዘሮ እናና ክንዱና ልጆቻቸው አልተለዩአቸውም፤ ያስሚንም ከአይከል መጥታ ጠይቃቸዋለች። ሌሎቹ የክፍሉ ልጆች መታመማቸውን አልሰሙም ነበር። ዛሬ ግን ማረፋቸውን ሰምተው፣ ከሩቅም ከቅርብም መጥተው ከሬሳቸው አጠገብ ቆመዋል። ስለዚህ ወይዘሮ እናና ከኀዘንተኞቹ ስም ጋር የክፍል ጓደኞቻቸው እንዲጠሩ አዝዘዋል፤ እኛም ከዚህ ንባብ በፊት በየስማቸው ጠርተናቸዋል።

እግዚአብሔር አምላክ የወንድማችንን ስም በቅዱሳኑ መካከል ይጥራ፤ ነፍሳቸውንም ብቸኝነት በሌለበት፣ ወዳጅ በበዛበት ያኑርልን። አሜን።