ከአንድ ቤተሰብ አንድ አባል

ለተከበሩት የነጋዴ ሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር፣

ይህ ግልጽ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ ልጆችዎም፣ ልጆችዎን ጧት ጧት አጥባ የምታለብሳቸው ሴትም በሙሉ ጤና እንድትገኙ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከገበያው መግቢያ የመጋረጃ ጨርቅ የምሸጠው አባልዎ ነኝ። ባለፈው ቅዳሜ በአዳራሹ «የቤት ሥራ የሴት ዕጣ አይደለም» ሲሉ እጄ እስኪቀላ ያጨበጨብኩትም እኔው ነኝ። ያን ጊዜ ቤቴ ውስጥ የምትሠራልኝ ሴት የልጅ ልጄን አዝላ ውጭ ደረጃው ላይ ቆማ ነበር።

ምስጋናዬን በቅደም ተከተል ላቅርብ።

፩. ይህችን ሴት ወደ አዳራሹ ስላስገቡልኝ አመሰግናለሁ። የቆዳዋ ቀለም ከሁላችንም የጠቆረ በመሆኑ፣ «ሁላችንም እህትማማቾች ነን» ለሚለው መጽሔታችን ሽፋን መካከላችን አቁመው ፎቶ አስነሡን። ፎቶው እንዳለቀ ልጁን መልሼ ያሳዘልኳት እኔ ነኝ።

፪. ደንቡን ጠንቅቀው ስለሚያውቁም አመሰግናለሁ። ሴትየዋ የአራት ዓመት ልጅ አለቻት። ልጅቷን የምትይዝላት ጎረቤት ሰፈሩን ልትለቅ ስለሆነ፣ ማኅበሩ ለአባላት ልጆችና የልጅ ልጆች ባቋቋመው የሕፃናት መዋያ ካላስገባት ወደ ሩቅ ዘመድ ልትልካት ነው። እሑድ እሑድ የሕፃናት ሹራብ እየሠራች የምትሸጥ ነጋዴ ስለሆነች አባል ለመሆን ጠየቀችዎ። እርስዎ ወደ እኔ ዞረው ማንነቷን ሲጠይቁኝ፣ ደረቴን ነፍቼ «እሷማ ቤተሰባችን ናት» አልኩ። እርስዎም ቃሉን ከአፌ ቀበል አድርገው፣ ደንቡ ከአንድ ቤተሰብ አንድ አባል ብቻ እንደሚል፣ ከእኛ ቤት ደግሞ እኔ እንዳለሁ አስረዷት። አዳራሹ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

፫. ወደ ቤት ስንመለስ ከኋላዬ ሆና፣ «እትዬ፣ ለመሆኑ ቤተሰብ የምሆነው በየትኛው ቀን ነው? እሑድ ከሆነ ልጄን ይዤ ለምሳ ልምጣ» አለችኝ። ጨርቅ ስለካ ከማንም ላይ አሳጥሬ አላውቅም። እሷ ከእሑድ ሌላ የእረፍት ቀን በጠየቀችኝ ቁጥር ግን በእረፍቱ ፈንታ «ቤተሰብ ነሽ» የሚለውን ቃል ስሰጣት ኖሬያለሁ።

ስለዚህ ደንቡን በሙሉ ልብ ተቀብያለሁ። ከቤተሰባችን አንድ አባል እንድትሆን የመረጥነው እሷን ነው። የእኔን ስም ይሰርዙልኝ። የልጅ ልጄ በእኔ አባልነት መዋያው ውስጥ የያዘውን ቦታም ለልጇ ይልቀቁላት። የሕፃኑ አባት የሆነው ልጄ ይህን ሲሰማ «ታዲያ ልጁን ማን ሊይዘው ነው?» ብሎ ጮኸብኝ። ሁለት ጤነኛ እጆች እንዳሉት በትሕትና አስታውሼዋለሁ። የሴቶችን ነፃነት ለእሱም ያስተምሩልኝ ዘንድ በሚቀጥለው ንግግርዎ ላይ ልልከው አስቤያለሁ፤ ሕፃኑን አዝሎ ደረጃው ላይ ይቆማል።

ሰኞ ጧት እናትና ልጅ ከበርዎ እንደሚገኙ እያሳወቅሁ፣ ለእህትነትዎ ስፋት ያለኝን ጥልቅ አክብሮት በድጋሚ እገልጻለሁ።

የቀድሞ አባልዎ፣ መጋረጃ ሻጯ

ማስታወሻ፦ ማመልከቻዋን ስሞላላት የአባት ስም የሚል ቦታ አገኘሁ። ቤቴ ስድስት ዓመት ሠርታ ጠይቄያት አላውቅም ነበር። ስጠይቃት ደንግጣ የያዘችውን ሳህን አስቀመጠችና «እትዬ፣ ምን አጠፋሁ?» አለችኝ። እርስዎም ቤትዎ ያለችውን ሲጠይቁ፣ አስቀድመው አይዞሽ ይበሏት።