ከሙራ ወንዝ ማዶ

ለእታለሜ ሸዋዬ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን ልጠይቅ። እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለው ወይ? ጥምቀት እንዴት አለፈ? ይሄ ኮሮና የሚሉት በሽታ ቢቸና ደርሷል ሲሉ ሰምቼ ሐሳብ ገብቶኛል፤ እናንተ ደኅና ከሆናችሁ ግን ሌላው ዕዳው ገብስ ነው። እኔና ልጄ ዮርዲ ጤነኞች ነን። በቀረው፣ እታለሜ፣ ብቻዬን ነኝ። እሷ ትምህርቷን በኮምፒውተር ስለምትማር ቀኑን ሙሉ በሯ ዝግ ነው፤ እኔም ከሥራ ስገባ በሽታ እንዳላመጣባት ራቅ ብዬ እበላለሁ።

ካዚኖው ሲዘጋ ከሥራ መውጣቴን ነግሬሻለሁ። አሁን «አንተም» በሚሉት ሰፈር (በስሙ እንዳትስቂ) አንድ ሽማግሌ አስታምማለሁ። ሎይዜ ይባላሉ፤ አገራቸው ስሎቬኒያ ነው። ትንሽ አገር ናት አሉ፤ ግን አንዱ ሸለቆ የሚያወራውን የሌላው ሸለቆ ሰው በግድ ነው የሚሰማው። እሳቸው ሙራ ከሚባል ወንዝ ማዶ ናቸው፤ የዚያ አገር አነጋገር ደግሞ ለዋና ከተማው ሰው ባዕድ ነው። እኛም አባይ ማዶ ስንባል አይደል ያደግነው? እንግሊዝኛው ሳይጠፋቸው ይህን ሲነግሩኝ ወደድኋቸው።

አሁን እርጅናው እንግሊዝኛቸውን ወስዶባቸዋል፤ በዝምታ መስኮት ሥር ይውላሉ። ልጃቸው የሚኖረው ሩቅ ነው፤ የአባቱንም ቋንቋ አልተማረም። የሚያናግራቸው ሰው ላግኝ ብሎ ከዋና ከተማቸው አንዲት የተማረች ሴት በቪዲዮ አገናኛቸው። ሴትዮዋ ደግ ነበረች። ሽማግሌው ግን ድምጿን ሲሰሙ የሸሚዛቸውን ቁልፍ እስከ አንገታቸው ቆለፉ፤ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ለጥያቄዋ ሁሉ አንዳንድ ቃል ብቻ መለሱላት። ልጅየው በቃ፣ አባቴ መናገር ጠፍቶታል፣ የአረጋውያን ማቆያ ይግባ አለ። እታለሜ፣ በዚህ ዘመን እዚያ የገባ ሰው ጠያቂ የለውም፤ በመስኮት መስታወት ነው የሚታየው።

እኔ ያን አቀማመጥ አውቀዋለሁ። አባታችን ወረዳ ሲጠሩ እንዲያ አልነበር የሚቀመጡት? ፈራ ተባ እያልሁ ለልጅየው ደወልሁና፣ አባትህ ቢሮ የቀረቡ መስሏቸው ነው፣ የመንደራቸውን ሰው ፈልግላቸው አልሁት። ተቆጣኝ፤ በኋላ ግን ፈለገ። ትሬዛ የሚባሉ የአክስታቸው ልጅ፣ እንደሳቸው ያረጁ፣ እዚያው መንደር ተገኙ።

አሮጊቷ ሰላምታም አላስቀደሙ፤ ገና በቪዲዮው ብቅ ሲሉ ጮኹባቸው። ሽማግሌው ደነገጡ። ከዚያ ቁልፋቸውን ፈቱና እሳቸውም ጮኹ። ሳቁ፣ አለቀሱ፣ አፍንጫቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ። ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ ያን ሁሉ ወሬ ይዘው ነው ለካ ዝም ያሉት። ልጅየውም የማቆያውን ነገር ተወው። አሁን እሑድ እሑድ ይጯጯሃሉ፤ እኔ ማዕድ ቤት ቆሜ እቀናለሁ። ሰው በታማሚ ሽማግሌ ይቀናል? እኔ እቀናለሁ።

እታለሜ፣ አንቺም ከእኔ ጋር ስታወሪ ቁልፍሽን ትቆልፊያለሽ። ዮርዲ በአነጋገርሽ ከሳቀችበት ቀን ወዲህ ቃል እየመረጥሽ እንደ ሬዲዮ ታናግሪኝና ቶሎ ትሰናበቺኛለሽ። ልጅ ናት፣ ማሪያት። በቀደም ራሷ፣ አክስቴ ለምን እንደ ዜና ታወራለች ብላ ጠየቀችኝ። እዚህ በአገራችን አፍ የሚያናግረኝ የለም። ያለሽኝ አንቺ ነሽ፤ አንቺም እንግዳ ካደረግሽኝ ወዴት እሄዳለሁ?

ለባለቤትሽ ለአያ ኪዳኔ ጤና ይስጥልኝ በይልኝ፤ በሬው እንዴት ሆነለት? ልጅሽን ስጦታን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ቁመቷ በሩን ደረሰ ወይ? ጎረቤታችን እማማ ዘሪቱን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፤ እንዲመርቁኝም ንገሪያቸው።

እሑድ እደውላለሁ። ስልኩን ስታነሺ ጤንነትህ እንዴት ነው ብለሽ አትጀምሪ። የት አባህ ጠፍተህ ከረምህ በይኝ።

ወንድምሽ ግዛቸው
ላስ ቬጋስ፣ የካቲት 2013 ዓ.ም.