ግድግዳው ለድንቡሼ ይሁን

እኔ፣ በሰፈሩ ልብስ ሰፊዋ የምባል፣ የሁለት ወንዶች ልጆች እናት፣ ዛሬ ማክሰኞ፣ የመጀመሪያዋ የልጅ ልጄ ከሆስፒታል ወጥታ ቤት በገባች ማግስት፣ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ይህን እናዘዛለሁ። ጉልበቴ ከድቶኛል፤ የመርፌ ቀዳዳም አይታየኝም። አእምሮዬ ግን ሙሉ ነው፤ የማን ሱሪ ከማን እንደሚረዝም ዛሬም ሳልለካ አውቃለሁ። ያስገደደኝ የለም፤ የሚችልም የለም። ጸሐፊዬ ጎረቤቴ መምህሩ ነው፤ በመሃል የሚባለውም ሁሉ ይጻፍ ብያለሁ።

ዕዳዬ አንድ ነው፦ የመምህሩ ሱሪ እግሩ አልታጠፈም። ምራቴ ትጨርስለት። የስፌት መኪናዬን ለእሷ አውርሻለሁ። ስፌቷ ጠማማ ነው፤ መኪናው ግን ታጋሽ ነው፣ ያስተምራታል።

«እማማ፣ የሱሪዬም ነገር ይጻፍ?»

«ይጻፍ እንጂ! አለዚያ እንደጎተትከው ትቀራለህ።»

ቤቱን ሟች ባለቤቴ አንድ አድርጎ ነበር የሠራው። ልጆቼ ሲጣሉ፣ በኩሩ ግንበኛ ነውና የመሃሉን በር በብሎኬት ደፈነው። ግድግዳው ልኩን የጠበቀ ነው፤ በሙያው እኮራለሁ፣ በቦታው አፍራለሁ። የጠቡን ምክንያት ሁለቱም ነግረውኛል፤ የአንዱ ከሌላው ስለማይገጥም አላጽፈውም። እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል፤ የእኔዎቹ ብሎኬት ውጠው ተቀምጠዋል።

የጓሮው ክፍሎች ለበኩሩ፣ የፊተኞቹ ለታናሹ ለአውቶቡስ ሾፌሩ ይሁኑ።

ትናንት ማታ ስም እስኪወጣላት ድንቡሼ የምንላት የታናሹ ሕፃን ስታለቅስ፣ ከግድግዳው ማዶ የበኩሩ ሬዲዮ ሲዘጋ ሰማሁ። ሬዲዮ የተከፈተው እንዳይሰማ ነበር፤ የተዘጋው ግን እንዲሰማ ነው። በዚያ ሰዓት ቆረጥኩ።

ግድግዳውን ለድንቡሼ አውርሻለሁ። የዚህ ንብረት ሞግዚቷ አጎቷ ግንበኛው ነው። ማፍረስም ሆነ ማቆየት የእሱ ፈንታ ነው፤ ውሳኔው ግን ለእሷ የሚበጃት ይሁን። የሚበጃትን ለማወቅ እሷን ማወቅ አለበት። ስለዚህ ዛሬ፣ እዚሁ ይቀፋት። እንቢ ካለ ስሙ ይሰረዝ።

«እማዬ ደግሞ! ግድግዳ ይወረሳል እንዴ?» አለ በኩሩ ከግርጌዬ።

«እኔ ካወረስኩት ይወረሳል።»

«እሱ ነው ሞግዚት?» አለ ታናሹ። «አንቺ ካልጠራሽው ደጄን ረግጦ አያውቅም እኮ!»

«አንተስ ና ብለኸው ታውቃለህ?»

ነርሷ ጎረቤቴ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። ታናሹ ሕፃኗን ከሚስቱ ተቀብሎ ጥቂት ቆመ፤ ከዚያ ወደ ግርጌ ሄደ።

«እንካ። አንገቷን ደግፍ።»

«አውቃለሁ። አንተንም ሕፃን ሳለህ አቅፌሃለሁ።»

ይህ በፊቴ ተነቦልኝ ቃሌ መሆኑን አረጋግጫለሁ።

ተናዛዥ፦ ልብስ ሰፊዋ፣ በአውራ ጣት።
ምስክሮች፦ መምህሩ፣ ጫማ ሰፊው፣ ነርሷ፣ ባለፋርማሲው፤ አራቱም ፈርመዋል።
ሞግዚት፦ ግንበኛው። ቀኝ ክንዱ ላይ ሕፃኗ ስለተኛች በግራ እጁ ፈርሟል። ወረቀቱን የያዘለት ወንድሙ ነው።